የአሮጌ ስኩተር ሞተር ቤት፦ የተበላ ጥርስና የላላ የፒን ቀዳዳ እንዴት ይጠገናል?

አዳማ ውስጥ የዕለት ሥራቸው ባጃጅ በሆነ ጋራዦች ደጃፍ ላይ አልፎ አልፎ አሮጌ ቬስፓ ቆሞ ይታያል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሰውንና ለዓመታት በግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆየውን ንብረት ዳግም ማንቀሳቀስ የሚፈልግ ሰው ነው። ሞተሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ የሚዞሩ ዘንጎችን የሚሸከመው ኩሽኔታና በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይለወጣሉ፤ ሊገጠም ሲል ግን ሥራው በአንድ ዳዶ ላይ ይቆማል። ቁልፉ ይዞራል፣ ዳዶውም ይዞራል፣ ነገር ግን አይጠብቅም። መካኒኩ እጁን አንሥቶ "ጥርሱ ተበልቷል" ይላል፤ ብሎኑ የሚይዝበት የቀዳዳው ጠመዝማዛ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የሚሰማው ምክር ከሁለት አንዱ ነው፦ "ይህ ሞተር ቤት አልቆለታል፣ ሌላ ፈልግ" ወይም "በያጅ ጋ ውሰደውና ቀዳዳውን ሞልቶ ይብሳልህ"።

ሁለቱም ምክሮች በአብዛኛው ስህተት ናቸው። የተበላ ጥርስ የሞተር ቤት ሞት አይደለም፤ ብየዳም ከመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች አንዱ አይደለም። አንድን የሞተር ቤት በእርግጥ የሚገድለው የቀዳዳው መሐል መጥፋቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከብልሽቱ ይልቅ በችኮላ ከሚሠራ ጥገና ይመጣል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት በሞተር ቤት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሞተር ቤት ምንድን ነው?

የሞተር ቤት ክራንኩን (የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠውን ዘንግ)፣ ኩሽኔታዎቹን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በውስጡ የሚይዝ፣ ከቀለጠ የአልሙኒየም ቅይጥ በቅርጽ የተፈሰሰ አካል ነው። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፣ ኢኖቼንቲ ደግሞ በ1947 ላምብሬታን ለገበያ ሲያቀርቡ አልሙኒየምን የመረጡት ስለሚቀልና ሙቀትን ቶሎ ስለሚያስወጣ ነው። የቬስፓ ሞተር ቤት እንደ ባቄላ ክክ ከሁለት ግማሾች የተሠራ ሲሆን፣ የላምብሬታው አንድ ትልቅ አካልና በጎኑ የሚከደን ሰፊ ክዳን አለው። ባለሦስት እግሩን ተሽከርካሪ የምንጠራበትን ስም የሰጠን የሕንዱ ባጃጅ አውቶም በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ያመርት ነበር፤ ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1971 ካበቃ በኋላም ቼታክ በሚል ስም ተመሳሳይ ስኩተር መሥራቱን ቀጥሏል። ስለዚህ በአሮጌው ባለሁለት ምት ባጃጅ ላይ እጁን ያፍታታ መካኒክ ለቬስፓ ሞተር እንግዳ አይሆንም።

በባለሁለት ምት ሞተር የሞተር ቤቱ መያዣ ብቻ አይደለም። ቤንዚንና አየር ተደባልቀው መጀመሪያ የሚገቡት ከፒስተኑ በታች ወዳለው ክፍል ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ ድብልቁን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ክፍል በአንጥረኛ ቤት እንዳለው ወናፍ ይሠራል ማለት ይቻላል። ወናፍ ቆዳው ከተቀደደ ነፋሱ በቀዳዳው ይወጣል እንጂ ፍሙን አያነደውም። የሞተር ቤቱ ግማሾችም በደንብ ካልተጣበቁ በመጋጠሚያው የውጭ አየር ይገባል፣ የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል፣ ቃጠሎው ከልክ በላይ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ነክሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል ወይም አናቱ ይበሳል። አንድ የላላ ብሎን ፒስተን ያስበላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ዓይነት ቀዳዳዎች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አንደኛው ዓይነት ውስጡ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ ነው። በዚህ ውስጥ ብሎን ወይም ስታድ ይገባል። ስታድ ማለት ራስ የሌለው፣ በሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ብሎን ሲሆን፣ አንዱ ጫፉ በአልሙኒየሙ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ዳዶ ይታሰራል። የዚህ ሥራ መጨበጥ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጥርስ የሌለው፣ ለስላሳ፣ መጠኑ በመቶኛ ሚሊሜትር የተለካ ቀዳዳ ነው። በዚህ ውስጥ የማጋጠሚያ ፒን ይገባል፤ ግማሹ በአንዱ አካል፣ ግማሹ በሌላው ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ፒኑ እንደ አጭር ቱቦ መሐሉ ክፍት ስለሆነ ብሎን በውስጡ ያልፋል። የዚህ ሥራ ቦታ ማስያዝ ነው።

መሶብን እናስብ። ክዳኑ ከጠርዙ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ከሥሩ ያለው ከንፈር ነው፤ መሶቡ ለመንገድ ሲዘጋጅ ዙሪያውን የሚታሰረው ገመድ ደግሞ ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ገመዱ የቱንም ያህል ቢጠብቅ የከንፈሩን ሥራ አይሠራም፤ ክዳኑ ተንሻፎ ከተቀመጠ ተንሻፎ ይታሰራል። ብሎን ገመዱ ነው፣ ፒን ከንፈሩ። ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ከብሎኑ ጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ስለሚሰፋ፣ ፒን የሌለው ሞተር ቤት ግማሾች በዚያ ክፍተት ልክ ሊዛነፉ ይችላሉ። የፒን ቁጥር ሁለት የሚሆነውም በምክንያት ነው፤ አንድ ፒን ብቻ ቢሆን አካሉ በእሱ ዙሪያ መዞር ይችላል፣ ሁለተኛው ያን መዞር ይከለክላል።

ጥርስ ለምን ይበላል?

የብሎን ጥርስ ተራራ ዙሪያ እየተጠማዘዘ እንደሚወጣ መንገድ ነው። በቀጥታ መውጣት የማይቻለውን ከፍታ መንገዱ ረጅም በማድረግ ያቀልለዋል። በብዙ አሮጌ ቬስፓዎችና ላምብሬታዎች ላይ የሚገኘው ባለ7 ሚሊሜትር ብሎን በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊሜትር ብቻ ይጓዛል፤ በዚህም ትንሽ የእጅ ጉልበት ወደ ታላቅ ጭብጥ ይለወጣል። ለቬስፓ ሞተር ቤት ዳዶዎች የሚመከረው ማጥበቂያ ከ13 እስከ 15 ኒውተን ሜትር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ይህ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። ከዚህ የሚገኘው የብሎኑ ጭብጥ ግን በግምት 1 ቶን ይደርሳል። ብርቱ ጎረምሳ ያንኑ ቁልፍ በ25 ኪሎ ጉልበት ሳይታወቀው ሊስበው ይችላል፤ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብሎኑ ብረት ነው፣ የተተከለበት ግን አልሙኒየም፤ ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው ለስላሳው ነው። ከዚህም በላይ ጭነቱ በጥርሶቹ መካከል እኩል አይከፋፈልም። ከመጋጠሚያው ፊት አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ከጠቅላላው ጭነት ሲሶ ያህሉን ይሸከማል፤ እሱ ሲሸሽ ጭነቱ ለቀጣዩ ይተላለፋል፣ እሱም ይሸሻል። ለዚህ ነው ጥርስ በአንድ ጊዜ ሳይሆን መጀመሪያ ትንሽ "ለስለስ" እያለ በኋላ በአንዴ የሚሄደው። ያ ልስላሴ በእጅ ይታወቃል፦ የሚጠነክር መስሎ የነበረው ዳዶ ድንገት ቅቤ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ያን ጊዜ ቁልፉን የሚያቆም መካኒክ ግማሹን ጥገና ሠርቷል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄትም ይፈጥራል፤ ለዓመታት የቆመ ስኩተር ስታዱ ሲወጣ ጥርሱን ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው። በአዳማ ደግሞ ነፋስ የማያቋርጥ እንደመሆኑ አቧራው በእያንዳንዱ ክፍት ቀዳዳ ይገባል። በጥርስ መካከል የተቀመጠ የአሸዋ ብናኝ እንደ ሞረድ ይሠራል። ሞተር በሚፈታበት ጊዜ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ መድፈን እዚህ ከተማ ከቁልፍ እኩል አስፈላጊ ነው።

ባለ7 ሚሊሜትር ብሎን ያለው ልዩ ችግር

ለእኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ይህ ነው። በየብረታ ብረት ሱቁ ባለ6 እና ባለ8 ሚሊሜትር ብሎን በኪሎ ይገኛል፤ ባለ7 ግን በሌላ ተሽከርካሪ ላይ እምብዛም ስለማይገባ አይገኝም። ዳዶውም የሚፈታው በ11 ቁልፍ ነው፤ በብዙ የቁልፍ ስብስብ ውስጥ ደግሞ 10 እና 12 እንጂ 11 ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ ባለ7 የጠፋበት ሰው ባለ8ን በኃይል ይነዳዋል። ባለ8 በአንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ የቀድሞውን ባለ1 ሚሊሜትር ጥርስ እየቆራረጠ ይገባል፤ የገባ ይመስላል፣ ሲጠብቅ ግን ከነፍርፋሪው ይወጣል። አሮጌ ሞተር ላይ ከምናገኛቸው የተበሉ ጥርሶች ብዙዎቹ ያረጁ ሳይሆኑ እንዲህ የተገደሉ ናቸው።

የብር ወረቀት፣ ቴፍሎንና ሙጫ ለምን አይበቁም?

ከሲጋራ ፓኮ የወጣ የብር ወረቀት፣ የቧንቧ ቴፍሎን፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወይም የብረት ሙጫ በቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ብሎኑን ማጥበቅ የተለመደ ነው። እነዚህ ብሎኑ በእጅ ሲነካ እንዳይወላወል ያደርጋሉ፤ ነገር ግን 1 ቶን የሚሸከም ጥርስ አይፈጥሩም። ሞተሩ ሲግልና ሲቀዘቅዝ አልሙኒየሙ ከብረቱ በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር መሙያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይላላል። መከለያ ቆርቆሮን የሚይዝ ትንሽ ብሎን ላይ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የሞተር ቤት መጋጠሚያ ላይ ግን ወናፉን ቀዶ መተው ነው።

እውነተኛው የጥርስ ጥገና እንዴት ይሠራል?

ሦስት መንገዶች አሉ። የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው በቀዳዳው ዙሪያ የቀረው የአልሙኒየም ውፍረት ነው።

የመጀመሪያው ባለሁለት መጠን ስታድ ነው። የተበላው ባለ7 ቀዳዳ በ6.8 ፑንታ (መብሻ ብረት) ይጠራል፣ ባለ8 ጥርስ ይወጣለታል፤ ከዚያ ታችኛው ጫፉ ባለ8፣ የላይኛው ጫፉ ባለ7 የሆነ ስታድ በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን) ይሠራል። ዳዶው፣ ቁልፉና የክዳኑ ቀዳዳ እንደነበሩ ይቀራሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ወፍራሙ ክፍል ከመጋጠሚያው ፊት በላይ ለፀጉር ያህል እንኳ ብቅ ካለ ክዳኑ በእሱ ላይ ያርፋል እንጂ በጓርኒሲዮኑ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ከፊቱ ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። ውጭ አገር ተሠርቶ የሚሸጥ ቢሆንም፣ አዳማ ውስጥ በቶርኖ ከጥሩ ብረት ማሠራት ይቻላል፤ በእኔ እምነት ለአገራችን ሁኔታ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሄሊኮይል በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የሽቦ ጥርስ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጎኑ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ሽቦ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፤ ለባለ7 ብሎን 7.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ የራሱ በሆነ ታፕ (ጥርስ ማውጫ) ጥርስ ይወጣል፣ ሽቦው በመሣሪያው ተጠቅልሎ ይገባል፣ ጫፉም ከፊቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከታች ለመያዣ የነበረችው የሽቦ ምላስ ተመትታ ትሰበራለች፤ ይህች ምላስ በሞተሩ ውስጥ ከቀረች ኩሽኔታ ትበላለች፣ ስለዚህ ወጥታ በእጅ ላይ እስክትታይ ድረስ ሥራው አልተጠናቀቀም። የሽቦ ጥርስ ትንሽ አልሙኒየም ብቻ ስለሚወስድ ቀጭን ግድግዳ ላላቸው ቦታዎች ይሆናል፤ ብረት ከብረት ጋር ስለሚገናኝም በአብዛኛው ከፋብሪካው ጥርስ ይበረታል።

ሦስተኛው ሙሉ ግድግዳ ያለው ቡሽ ነው፤ ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው አጭር ቱቦ ማለት ነው። በተደጋጋሚ ለሚፈቱ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በቴስታታ (በሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ላለው ባለ14 የካንዴላ ቀዳዳ ወይም ለዘይት ማፍሰሻው፣ ይህ ይመረጣል። ቡሹ በቶርኖ የሚሠራ ከሆነ የውጩ ጥርስ ደቃቅ ቢሆን ይሻላል፦ ለባለ7 ብሎን የሚሆን ቡሽ ውጩ ባለ10 በ1 ሚሊሜትር ጉዞ ከተደረገ በውስጥና በውጭ ጥርሶቹ መካከል 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ግድግዳ ይቀራል፣ በተለመደው 1.5 ከሆነ ግን ወደ 0.6 ይወርዳል።

በሦስቱም መንገዶች የሚፈረደው ቀዳዳው ሲበሳ ነው። የእጅ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) በአሮጌው የተበላ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ፑንታው ወደ ለስላሳው ጎን ያዘነብላል። በፊቱ ላይ የማይታይ 2 ዲግሪ መዛነፍ በ50 ሚሊሜትር ስታድ ጫፍ ላይ 1.7 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ክዳኑም ስታዶቹ ላይ አይወርድም። ስለዚህ የቁም ትራፓኖ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ በቶርኖ ቀጥ ብሎ የተበሳ ወፍራም የብረት ቁራጭ በመጋጠሚያው ፊት ላይ ታስሮ ለፑንታውና ለታፑ መሪ ይሆናል። ታፑ በነጭ ጋዝ እየረጠበ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ኋላ የሚዞረው ፍርፋሪውን ለመስበር ነው። አልሙኒየም ያለ ቅባት በታፑ ላይ ይጣበቅና የወጣውን ጥርስ መልሶ ይገነጥለዋል። ቀዳዳው ወደ ሞተሩ ውስጥ ዘልቆ የሚያልፍ ከሆነ ስታዱ ሲተከል ማሸጊያ ሙጫ ይቀባል፤ አለዚያ ዘይት በጥርሱ እየተጠማዘዘ ይወጣል።

በነገራችን ላይ ስታዱ በቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ የማውጫ ሹል ብረት ለመጠቀም መቸኮል አይገባም። ያ መሣሪያ በጣም የጠነከረ ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ፑንታ አይበሳውም። ብቅ ያለ ጫፍ ካለ ዳዶ በላዩ አበይዶ፣ ሙቀቱ ገና ሳይወጣ ቀስ እያሉ ማወዛወዝ ከሁሉ የተሻለ ነው።

የፒን ቀዳዳስ እንዴት ይበላሻል?

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሞተሩ ሲፈታ ነው። ፒኑ በዝገት ተጣብቆ ግማሾቹ አልላቀቅ ሲሉ ካቻቢቴ በመጋጠሚያው መካከል ይመታል፤ ፊቱ ይጫራል፣ ፒኑም ወደ ጎን ተጎትቶ ቀዳዳውን ያሞላልለዋል። ሌላ ጊዜ ፒኑ በፒንሳ ይያዝና ይጨፈለቃል። ብሎኖቹ ላልተው ለረጅም ጊዜ በተነዳ ሞተር ላይ ደግሞ ግማሾቹ በእያንዳንዱ ምት በትንሹ ይፋተጋሉ፣ የፒኑ ቀዳዳም ከክብነት ወደ እንቁላል ቅርጽ ይለወጣል።

ፒንን በጤና ለማውጣት ሙቀት ይረዳል። የሞተር ቤቱ ወደ 120 ዲግሪ ሲሞቅ የአልሙኒየሙ ቀዳዳ ከብረቱ ፒን ይበልጥ ይሰፋል፤ ለባለ10 ሚሊሜትር ፒን ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ ግን ይበቃል። ሙቀቱን ለማወቅ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ የሚፈተንበት ዘዴ ያገለግላል፦ የውሃ ጠብታ ወዲያው ጭስ ብሎ ከተነነ ከ100 ዲግሪ አልፏል። ነገር ግን በእሳት ላይ ለረጅም ጊዜ ማቆየት አይገባም፤ አልሙኒየም እንደ ብረት ሳይቀላ በድንገት ይቀልጣል። ከዚያ በቱቦው ፒን ውስጥ ልክ የሚገባ የፑንታ እጀታ ይከተታል፣ በውጭ በፒንሳ ይያዛል፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በውስጡ ያለው ብረት ፒኑ እንዳይጨፈለቅ ይከላከላል።

የሰፋ የፒን ቀዳዳ ለምን እንዲህ ያሳስባል?

የክራንኩ ሁለት ኩሽኔታዎች አንዱ በአንዱ ግማሽ፣ ሌላው በሌላው ግማሽ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ግማሾቹ በፋብሪካ አንድ ላይ ታስረው ስለሚቆረጡ ጥንድ ናቸው፣ ከሌላ ሞተር ግማሽ ጋርም አይቀላቀሉም። ያን መስመር ሞተሩ በተፈታ ቁጥር መልሶ የሚያመጣው ፒኑ ነው። በቬስፓ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ፦ በብዙዎቹ ሞዴሎች የቤንዚኑን መግቢያ የሚከፍተውና የሚዘጋው የክራንኩ ክብ ጎን ራሱ ነው። በእሱና በሞተር ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ግማሾቹ በዚያ ልክ ቢዛነፉ ክራንኩ ያን ፊት ይፍቀዋል፤ ያ ፊት ከተፋቀ ደግሞ ጥገናው ከፒን ቀዳዳ እጅግ የከበደ ነው።

ይህን በቃል ሰምቼ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ የተረዳሁት አዳማ ውስጥ በአንድ ቶርኖ ቤት ነው። አንድ ወጣት መካኒክ የቬስፓ ግማሽ ሞተር ቤት ይዞ መጣ፤ የፒኑ ቀዳዳ እንደ እንቁላል ተሞልልሏል። "ጋሼ፣ ይህን በ12 ፑንታ ቢያሰፉልኝና ወፍራም ፒን ብከትበትስ?" አለ። ሽማግሌው ባለሙያ ትንሽ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው በዝግታ አዞሩና "ልጄ፣ ማስፋቱ አንድ ደቂቃ ነው። መሐሉ የት እንደነበር ግን በየት ታሳየኛለህ? ሌላውን ግማሽ አምጣ" አሉት። ቀጥለው ያደረጉት የዚህ ጥገና ዋና ነገር ነው።

መሐሉ እንዴት ይገኛል?

የሞላለለ ቀዳዳ ስለ ራሱ መሐል አይናገርም፤ ፑንታም ተከትሎት ወደ ተበላው ጎን ይሄዳል። መሐሉ የሚገኘው ካልተበላሹት ቦታዎች ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ከብረት አንድ ዘንግ ቀረጹ፤ ዘንጉ በሁለቱ የኩሽኔታ ቤቶች ውስጥ ሳይወላወል፣ ሳይጨናነቅም የሚገባ ነበር። የሁለቱ ኩሽኔታ ቤቶች ስፋት የተለያየ ስለሆነ ዘንጉም በሁለት መጠን የተቆረጠ ነው። ግማሾቹ በዘንጉ ላይ ተጋጠሙ። ዘንጉ ግን አንድ መሐል ብቻ ስለሚያስይዝ ግማሾቹ በዙሪያው መዞር ይችላሉ፤ ያን የከለከለው በሌላኛው ጫፍ የነበረው ጤነኛ ፒን ነው። ሁለቱም ፒኖች ተበላሽተው ቢሆን ኖሮ የማርሹ ዘንግ ቤት ሁለተኛው መሪ ይሆን ነበር።

ብሎኖቹ በግማሽ ኃይል ከታሰሩ በኋላ ዘንጉ በጣት መዞሩ ተረጋገጠ፤ በጣት ካልዞረ ግማሾቹ ገና ቦታቸውን አልያዙም። ከዚያ ሞተር ቤቱ በፍሬዛ (ብረት መቁረጫ ማሽን) ላይ ተቀምጦ ቀዳዳው በሁለቱም ግማሾች ውስጥ በአንድ አቀማመጥ፣ ሳይፈታ ተቆረጠ። በፑንታ ሳይሆን በአንድ ስለት እየዞረ በሚቆርጥ መሣሪያ ነው የተሠራው፤ ፑንታ የነበረውን ቀዳዳ ይከተላል፣ ይህ ስለት ግን የማሽኑን መሐል ይከተላል። የተወሰደውም ቀዳዳው ክብ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አዲሱ ፒን በቶርኖ በአዲሱ ልክ ተሠራ። በአንዱ ግማሽ ከቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ወፍሮ በሙቀት ይገባል፣ እዚያም ይቀራል፤ በሌላው በዚያው ልክ ቀጥኖ በእጅ ይንሸራተታል። በሁለቱም በኩል ጠባብ ከሆነ ሞተሩ በቀጣዩ ጊዜ ሲፈታ ካቻቢቴ ይመታል፣ ጥፋቱም ይደገማል። ርዝመቱም ከሁለቱ ቀዳዳዎች ጥልቀት ድምር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ማነስ አለበት፤ አለዚያ ፒኑ ከታች መትቶ ግማሾቹን እንዳይገናኙ ይይዛቸዋል። ጫፎቹ በትንሹ ይሾላሉ።

የተበላሸው የአንዱ ግማሽ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በአንድ ጎኑ ወፍራም፣ በሌላው የቀድሞውን መጠን የያዘ ባለሁለት ደረጃ ፒን ይበቃል። ጤነኛው ቀዳዳ ራሱ ለመሐሉ ምስክር ስለሚሆን ሥራውም ይቀላል።

ብየዳ መቼ ያስፈልጋል?

በቀዳዳው ዙሪያ ያለው አልሙኒየም ራሱ ተሰብሮ ወይም ተሰንጥቆ ሲወድቅ ብቻ ነው። የሞተር ቤቱ የአልሙኒየም ቅይጥ ከ660 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ በላዩ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ስለዚህ ሽፋኑን የሚሰብር የአርጎን ብየዳ በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። አሮጌ ሞተር ቤት ደግሞ ለአሠርት ዓመታት ዘይት ስለጠጣ ብየዳው ሲነካው ከውስጡ ጥቁር አረፋ ይወጣል። በደንብ ካልታጠበና ቀድሞ ካልሞቀ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው መጣመሙ ነው፦ በፒን ቀዳዳ ዙሪያ የሚደረግ ብየዳ የመጋጠሚያውን ፊትና የኩሽኔታውን ቤት ሊስብ ይችላል። በያጅ ከሞላው በኋላም ከላይ የተነገረው መሐል የመፈለግ ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጥገናው መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ፈተናዎች በቂ ናቸው። የመጀመሪያው ሲጠብቅ ነው፦ ዳዶዎቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰያፍ ተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ወደ መጨረሻው ልክ ይደርሳሉ፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ክራንኩ በእጅ ይዞራል። ከጠበቀ በኋላ መዞሩ ከከበደ ፒኑ ወይም ስታዱ ግማሾቹን እየሳበ ነው፤ ተፈትቶ መታየት አለበት።

ሁለተኛው የወናፉ ፈተና ነው። የካርቡሬተሩና የጭስ መውጫው ቀዳዳ በጎማና በቆርቆሮ ይታሸጋሉ፤ በካንዴላው ቦታ ከጎማ ቱቦ ጋር የተያያዘ መግቢያ ይገጠማል፣ በብስክሌት ፓምፕም አየር ይሞላል። ግፊቱ ከ0.4 ባር መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ የዘይት ማኅተሞቹን ከቦታቸው ያስወጣቸዋል። ከዚያ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው መስመር፣ በእያንዳንዱ ዳዶና ስታድ ሥር በብሩሽ ይቀባል። አረፋ ከአዲሱ ስታድ ሥር ብቻ ከተነፋ የቀረው ማሸጊያ ነው፤ በመጋጠሚያው መስመር ከተነፋ ግን ፊቱ ገና አልተገናኘም፣ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ ወፍራሙ የስታድ ክፍል ብቅ ማለቱ ወይም የፒኑ መርዘም ነው። መለኪያው ላይ ያለው ግፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይወርድ ከቆየ ሞተሩ ወደ ስኩተሩ መመለስ ይችላል።